የፊት ዲፈረንሻል በጭቃማ የቡና መንገዶች ላይ፦ የመጎተት አቅምና የመሪ ቁጥጥር በጅማ አካባቢ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ ተሽከርካሪ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች መንገድ ላይ ሁለት ጎማዎቹን በከንቱ እያሽከረከረ ቆሞ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ የዚህን ክሥተት ምክንያት ከዲፈረንሻል አሠራር አንጻር ይመረምራል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻልን መቆለፍ በመጎተት አቅም ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በአንድ የስሌት ምሳሌ ያነጻጽራል። ውጤቱ እንደሚያመለክተው የፊት ዲፈረንሻልን መቆለፍ የመጎተት አቅምን ይጨምራል፤ ነገር ግን የፊት ጎማዎች ለመሪ የሚያስፈልጋቸውን የጎን ኃይል ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ የኋላው መቆለፊያ መቅደም፣ የፊተኛው ደግሞ ለቀጥተኛና ለአጭር መንገድ ብቻ መዋል እንዳለበት ጽሑፉ ይደመድማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዲፈረንሻል፣ የመጎተት አቅም፣ የጎን ኃይል፣ ቀይ ሸክላማ አፈር፣ የገጠር መንገድ

1. መግቢያ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል፤ ጥቅምትም ቢሆን ፈጽሞ ደረቅ ወር አይደለም። የቡና ለቀማው የሚጀምረው እንግዲህ መሬቱ ርጥበቱን ገና ሳይጨርስ ነው። ለታጠበ ቡና የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያው መድረስ ይኖርበታል፤ ከዘገየ በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምርና የጥራት ደረጃው ይወርዳል። ከአጋሮ፣ ከየቡ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ቀበሌዎች በሚገባ መንገድ ላይ አንድ መኪና ጭቃ ይዞት ካደረ፣ የሚጠፋው የነዳጅ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩ የዓመት ድካም ጭምር ነው።

ያው መንገድ የወረዳውን አምቡላንስም ያመላልሳል። ምጥ የያዛትን እናት ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ ለሚያደርስ መኪና በአንድ አቀበት ላይ የሚባክን ሰዓት በገንዘብ አይለካም። ለዚህ አገልግሎት በስፋት የሚመረጠው ላንድክሩዘርና መሰሎቹ ናቸው፤ የምርጫው ምክንያትም አራቱም ጎማዎቻቸው መነዳታቸው ነው። ይሁን እንጂ «አራት ጎማ የሚነዳ» የሚለው ስያሜ ከሚሰጠው ተስፋና መኪናው ጭቃ ላይ ከሚፈጽመው ተግባር መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የዚህ ልዩነት ምንጭ በየአክስሉ ውስጥ የሚገኘው ዲፈረንሻል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በተለይ የፊተኛው ዲፈረንሻል ለመጎተት አቅም ያለውን ድርሻና የሚያስከትለውን ዋጋ መለየት ነው።

2. አፈሩና መንገዱ

በጅማ አካባቢ ኮረብታማ የቡና መሬቶች ላይ በስፋት የሚገኘው አፈር ኒቲሶል በመባል የሚታወቀው ጥልቅ፣ ቀይ፣ ሸክላማና በብረት ኦክሳይድ የበለጸገ አፈር ነው። ይህ አፈር በተፈጥሮ ይዞታው ውኃን በሚገባ ያሳልፋል፤ ለቡና ሥር የተመቸ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መንገድ ሆኖ በተሽከርካሪ ከተጠቀጠቀ በኋላ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ውኃው ወደ ታች መስረጉን ትቶ በገጹ ላይ ይቀራል፤ የላይኛው ስስ ንብርብር ይላቁጣል፣ ከሥሩ ያለው ግን ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ጎማው የሚንሸራተተው በዚህ ስስ ንብርብር ላይ ነው።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም አማካይነት ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኙ በርካታ መንገዶች ተሠርተዋል። የእነዚህን መንገዶች ጠባይ በሚመለከት ሁለት ነገሮች ለዚህ ጥናት ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ ጠጠር የለበሰው የመንገዱ መካከል ሲሆን ጠርዙ ብዙውን ጊዜ ሸክላ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና ለማሳለፍ ወደ ጠርዝ የወጣ ተሽከርካሪ የአንድ ጎን ጎማዎቹ ጠጠር ላይ፣ የሌላው ጎን ደግሞ ጭቃ ላይ ይሆናሉ። ሁለተኛው፣ ውኃ ወደ ቦይ እንዲወርድ መንገዱ ከመካከል ወደ ጠርዝ እንዲያዘነብል ተደርጎ መሠራቱ ነው። ይህ ማዘንበል መንገዱን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ መኪናውን ግን ዘወትር ወደ ቦዩ ይስበዋል።

3. የዲፈረንሻል አሠራር

መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ቢያያዙ አንደኛው መንሸራተቱ የማይቀር ነው። ይህን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1827 ፈረንሳዊው የሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔኬር ለእንፋሎት ተሽከርካሪ የሚሆን የዲፈረንሻል ማርሽ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ መካኒኮች «ኮሮና» የሚሉት ትልቅ ጥርስ የሚያሽከረክረው ቤት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች በመሠረቱ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ስለ ክፍት ዲፈረንሻል አንድ የተሳሳተ አነጋገር ተለምዷል፤ ይኸውም «ኃይሉ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ጎማ ይሄዳል» የሚለው ነው። በእርግጥ የሚሆነው ከዚህ ይለያል። ክፍት ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው ጥምዝ ኃይል (ቶርክ) ምንጊዜም እኩል ነው፤ የሚለያየው ፍጥነታቸው ነው። አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ መቋቋም የሚችለው ጥቂት ጥምዝ ኃይል ብቻ ከሆነ፣ ጠጠር ላይ ያለውም ጎማ ከዚያ በላይ አያገኝም። ስለዚህ የአንድ አክስል የመጎተት አቅም የሚወሰነው በደካማው ጎማ ነው፤ የደካማው አቅም በሁለት ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት የአክስሉ ጣሪያ ይሆናል። ጠንካራው ጎማ የቱንም ያህል መሬት ቢጨብጥ ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም።

በላንድክሩዘርና በፒክአፕ መኪናዎች ላይ የተለመደው የአራት ጎማ ሥርዓት የፊቱንና የኋላውን የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በአንድ ፍጥነት ያያይዛል። ይህ አንዱ አክስል ሌላውን እንዳይጎዳ ያደርጋል፤ በየአክስሉ ውስጥ ያሉትን የግራና የቀኝ ጎማዎች ግን አያያይዝም። ስለሆነም ከየአክስሉ አንድ አንድ ጎማ ከተንሸራተተ መኪናው ይቆማል። አራት ጎማ ይነዳል የተባለው ተሽከርካሪ በዚህ ጊዜ የሚጎትተው በሁለት ደካማ ጎማዎች ልክ ነው። የዲፈረንሻል መቆለፊያ የሚያደርገው የግራና የቀኙን ዘንግ አንድ ላይ አሥሮ እያንዳንዱ ጎማ የሚችለውን ያህል እንዲጎትት መፍቀድ ነው።

4. የስሌት ምሳሌ

የሚከተለው ስሌት የመስክ ልኬት ሳይሆን አሠራሩን በቁጥር ለማሳየት የቀረበ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 28,000 ኒውተን የሆነ (ወደ 2,800 ኪሎ ግራም ገደማ) የተጫነ መኪና አቀበት ሲወጣ፣ ከክብደቱ 40 በመቶው በፊት፣ 60 በመቶው በኋላ አክስል ላይ ያርፋል እንበል። እያንዳንዱ የፊት ጎማ 5,600 ኒውተን፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ 8,400 ኒውተን ይሸከማል። የቀኝ ጎማዎች ጠጠር ላይ ሆነው የሰበቃ ምጣኔያቸው 0.5፣ የግራዎቹ ርጥብ ሸክላ ላይ ሆነው 0.15 ቢሆን፣ እያንዳንዱ ጎማ ሊጎትት የሚችለው ከፍተኛ ኃይል የሚከተለው ነው፦ የፊት ቀኝ 2,800፣ የፊት ግራ 840፣ የኋላ ቀኝ 4,200፣ የኋላ ግራ 1,260 ኒውተን።

አቀበቱ 12 በመቶ ከሆነ ስበትን ለማሸነፍ 3,360 ኒውተን ያስፈልጋል። ጭቃው በጎማዎቹ መሽከርከር ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ የክብደቱ 8 በመቶ፣ ማለትም 2,240 ኒውተን ነው ቢባል፣ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል 5,600 ኒውተን ይሆናል። ከዚህ አንጻር አምስት ሁኔታዎች ይነጻጸራሉ።

ሀ) የኋላ አክስል ብቻ ሲነዳ፣ ዲፈረንሻሉ ክፍት ሆኖ፦ 2,520 ኒውተን። መኪናው አይወጣም።
ለ) አራቱም ሲነዱ፣ ሁለቱም ዲፈረንሻሎች ክፍት ሆነው፦ 4,200 ኒውተን። አሁንም አይወጣም፤ ሊወጣ የሚችለው ከ7 በመቶ የማይበልጥ አቀበት ነው።
ሐ) አራቱም ሲነዱ፣ የፊቱ ብቻ ተቆልፎ፦ 6,160 ኒውተን። ለጥቂት ይወጣል።
መ) አራቱም ሲነዱ፣ የኋላው ብቻ ተቆልፎ፦ 7,140 ኒውተን። ይወጣል፤ እስከ 17.5 በመቶ ድረስም ይችላል።
ሠ) አራቱም ሲነዱ፣ ሁለቱም ተቆልፈው፦ 9,100 ኒውተን። እስከ 24.5 በመቶ ይችላል።

ከዚህ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም ዲፈረንሻሎች ክፍት በሆኑበት በሁኔታ «ለ» ጠጠር ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች በጠቅላላው 7,000 ኒውተን መጎተት ሲችሉ 2,100 ብቻ ነው የሚጎትቱት። መኪናው የቆመው መሬቱ ጠንካራ ስፍራ ስላጣ ሳይሆን ዲፈረንሻሉ በዚያ ስፍራ እንዲጠቀም ስላልፈቀደለት ነው። ሁለተኛ፣ አቀበት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያመዝን የኋላው መቆለፊያ የሚጨምረው 2,940 ኒውተን ከፊተኛው 1,960 ይበልጣል። ሦስተኛ፣ መቆለፊያ የሌለውን ሰበቃ አይፈጥርም። አራቱም ጎማዎች ርጥብ ሸክላ ላይ ሆነው የሰበቃ ምጣኔያቸው 0.18 ቢሆን፣ ሁለቱም ዲፈረንሻሎች ቢቆለፉም ባይቆለፉም ጠቅላላው አቅም 5,040 ኒውተን ነው፤ ያው መኪና ያንኑ አቀበት አይወጣም። በነሐሴ ወር ድፍን ጭቃ ለሆነ መንገድ መልሱ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ የጎማ ሰንሰለት ወይም መንገዱ እስኪጠፈጥፍ መጠበቅ እንጂ መቆለፊያ አይደለም።

5. የፊተኛው ሲቆለፍ የሚታጣው

እስከዚህ ያለው ስሌት የፊቱንም የኋላውንም መቆለፍ ጥቅም ብቻ ያለው ያስመስላል። ጎማ ግን የሚሠራው ወደ ፊት መጎተት ብቻ አይደለም። አንድ ጎማ ከመሬት የሚያገኘው የሰበቃ ኃይል አንድ ነው፤ ያንኑ ኃይል ለመጎተትና መኪናውን በጎን ለመያዝ ያካፍለዋል። ሁሉንም ለመጎተት ያዋለ ጎማ ለመሪ የሚተርፈው የለም። በከንቱ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ወደ ጎን የመያዝ አቅሙን ከሞላ ጎደል ያጣል።

ከላይ በቀረበው ምሳሌ የኋላው ተቆልፎ የፊቱ ክፍት ሲሆን የፊት ቀኝ ጎማ የሚጎትተው ከደካማው አቻው ጋር እኩል፣ ማለትም 840 ኒውተን ብቻ ነው። ጠቅላላ አቅሙ 2,800 ስለሆነ በጎን በኩል ለመያዝ 2,670 ኒውተን ገደማ ይተርፈዋል። መንገዱ ወደ ቦይ 5 በመቶ ቢያዘነብል የፊት አክስሉን ወደ ጠርዝ የሚስበው ኃይል 560 ኒውተን ነው። የፊት ግራ ጎማ ቢንሸራተት እንኳ ቀኙ ብቻውን አፍንጫውን በመንገዱ ላይ ይይዘዋል። በክፍት የፊት ዲፈረንሻል «የባከነ» የሚመስለው የመጎተት አቅም በእርግጥ ለመሪ የተቀመጠ ስንቅ ነው።

የፊቱ ከተቆለፈ በኋላ ይህ ስንቅ ዋስትና ያጣል። ሾፌሩ ነዳጁን በልክ ከሰጠ ጠንካራው ጎማ አሁንም ለጎን የሚተርፈው አቅም ይኖረዋል፤ ከልክ በላይ ከረገጠ ግን ሁለቱም የፊት ጎማዎች በአንድነት ይሽከረከራሉ፣ መሪው ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም፣ አፍንጫው በመንገዱ ማዘንበል ተስቦ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ ክፍት ሲሆን የጠንካራውን ጎማ ገደብ የሚያበጀው ማርሹ ራሱ ነው፤ ሲቆለፍ ግን ገደቡ ወደ ሾፌሩ እግር ይተላለፋል።

መታጠፊያ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት 1.5 ሜትር የሆነ መኪና በ10 ሜትር ራዲየስ ሲታጠፍ፣ የሁለቱ ጎማዎች የጉዞ ልዩነት የመካከለኛው ርቀት 15 በመቶ ያህል ነው። የተቆለፈ አክስል ይህን ልዩነት ስለማይቀበል የውጭኛው ጎማ እንደ ፍሬን ይይዛል፣ የውስጠኛው ወደ ፊት ይገፋል። የሁለቱ ድምር ውጤት መኪናውን ከመታጠፊያው ወደ ውጭ የሚመልስ ጥምዝ ነው። በተጨማሪም መሪው ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ሳለ የፊት ዲፈረንሻል ቢቆለፍ፣ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሱት የግማሽ ዘንጎች መጋጠሚያዎች ከአቅማቸው በላይ ሊጫኑና ሊሰበሩ ይችላሉ። ከጅማ ርቆ በገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ስብራት ከጭቃው የከፋ ነው።

የአምራቾች ልማድ ይህን ቅደም ተከተል ያጸናል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሚመረተው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴሎች ላይ መቆለፊያ ሲገጠም፣ የመቆጣጠሪያው አዝራር በመጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ይቆልፋል፤ የፊቱን ብቻ የሚቆልፍ ቦታ የለውም። በመርሴዲስ ጂ መኪና ላይ ያሉት ሦስት አዝራሮችም ከመካከለኛው ጀምረው በኋላው አልፈው በፊተኛው ያበቃሉ።

6. መካከለኛ መፍትሔዎችና የአነስተኛ ተሽከርካሪዎች ተሞክሮ

ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው በእርሻና በደን ሥራ የሚያገለግለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞዴል አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ ዓይነት ካቀረበ ወዲህ ይህ ተሽከርካሪ ተስፋፍቷል። በብዙዎቹ ሞዴሎች የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ የተያያዙ ስለሆኑ ኋላው ምንጊዜም የተቆለፈ ያህል ነው። ስለዚህ የተሽከርካሪው ጠባይ የሚወሰነው በፊት ዲፈረንሻሉ ዓይነት ነው፤ ክፍት ከሆነ ሁኔታ «መ»ን፣ ከተቆለፈ ሁኔታ «ሠ»ን ይመስላል። አምራቾቹም በዚህ ቦታ የተለያዩ መፍትሔዎችን ሞክረዋል፤ አንዳንዶቹ በአዝራር የሚቆለፍ፣ አንዳንዶቹ መንሸራተትን የሚገድብ፣ ሌሎቹ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ሲንሸራተቱ ብቻ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በራሱ የሚይዝ ሥርዓት ይጠቀማሉ።

ከእነዚህ ውስጥ መንሸራተትን የሚገድበው ዲፈረንሻል ለፊት አክስል ተስማሚ ነው። በጥርስ የሚሠራ አንድ ዓይነት ለጠንካራው ጎማ የደካማውን ሦስት እጥፍ ጥምዝ ኃይል ሊሰጥ ይችላል ቢባል፣ ከላይ ባለው ምሳሌ የፊት አክስል አቅም ከ1,680 ወደ 3,360 ኒውተን ይወጣል። ይህ ከሙሉ ቁልፍ 3,640 እምብዛም አያንስም፤ መታጠፊያ ላይ ግን ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት መሽከርከራቸውን አይከለክልም። ጉድለቱ የሚታየው አንድ የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሣ ነው፤ የዜሮ ሦስት እጥፍ ዜሮ ነውና። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን በለስላሳው እየረገጡ ነዳጅ መስጠት ለተንጠለጠለው ጎማ የሰው ሠራሽ ተቃውሞ ይፈጥርለታል፤ የሌላው ጎማ ድርሻም በዚያው ልክ ያድጋል። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የኤሌክትሮኒክ መንሸራተት መቆጣጠሪያ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የሚንሸራተተውን ጎማ ብቻ በፍሬን በመያዝ ነው።

7. ለአሠራርና ለቀጣይ ምርምር

ከትንታኔው የሚገኙ ተግባራዊ ምክሮች ጥቂት ናቸው። ለገጠር አገልግሎት መኪና የሚገዛ ተቋም በዝርዝር መግለጫው ውስጥ «አራት ጎማ የሚነዳ» በሚለው ብቻ ሳይወሰን የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ መኖሩን ሊጠይቅ ይገባል። ሾፌሩ መቆለፊያውን የሚጠቀመው ጭቃው ከያዘው በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት፣ ጎማዎቹ በማይንሸራተቱበት ቦታ መሆን አለበት። በከንቱ የሚሽከረከር ጎማ ሸክላውን ያለሰልሰዋል፣ የጎማ ቦይም ይቆፍራል፤ ያ ቦይ ውኃ ይቋጥርና ለሚቀጥለው መኪና ወጥመድ ይሆናል። መቆለፊያ በወቅቱ መጠቀም እንግዲህ ለመንገዱም ጥበቃ ነው። የፊተኛው የሚቆለፈው የኋላው ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ በዝቅተኛ ማርሽና በዝግታ ነው፤ ጠንካራ መሬት እንደተገኘም ወዲያው ይከፈታል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ጉዳዩ ለመስክ ልኬት የተመቸ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንደ ማሳያ የተወሰዱት የሰበቃ ምጣኔዎች በጅማ ዙሪያ ባሉ መንገዶች ላይ፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ፣ ከአፈሩ ርጥበት ጋር ሊለኩ ይችላሉ። መኪናውን በመሳቢያ ኃይል መለኪያ ከሌላ መኪና ጋር አያይዞ፣ ዲፈረንሻሎቹን በየተራ እየቆለፉ የመጎተት አቅሙን መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመጎተት አቅሙ እኩል ሊለካ የሚገባው ግን መኪናው በሚያዘነብል መንገድ ላይ በጎን የሚንሸራተትበት ርቀት ነው። አንደኛውን ብቻ የሚለካ ጥናት ለሾፌሩ የሚሰጠው ምክር ግማሽ እውነት ይሆናል።

8. ማጠቃለያ

በአንድ ጎን ጠጠር፣ በሌላው ጎን ጭቃ ባለበት የቡና መንገድ ላይ ክፍት ዲፈረንሻሎች ያሉት መኪና የሚጎትተው በደካማ ጎማዎቹ ልክ ነው። የኋላውን መቆለፍ ከፊተኛው የሚልቅ የመጎተት ኃይል ይጨምራል፤ የመሪውን ቁጥጥርም በፊት ጎማዎች ላይ ይተዋል። የፊተኛው መቆለፊያ የመጨረሻውን ኃይል ያስገኛል፤ ዋጋው ግን መኪናውን በመንገዱ ላይ የሚይዘውን የጎን አቅም ለሾፌሩ ጥንቃቄ አሳልፎ መስጠት ነው። እሸት ቡና ለጫነ መኪናም ሆነ ወላድ ለያዘ አምቡላንስ፣ አቀበቱን መውጣት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ሆኖ መውጣት ያስፈልጋል።